ድጎማው ለተማሪው፣ ጥቅሙ ለማን?

በአንድ ኅብረተሰብ ውስጥ የከፍተኛ ትምህርት ዕድል ለማንና እንዴት እንደሚደለደል መመርመር የዚያን ኅብረተሰብ የመደብ አወቃቀር ለመረዳት ከሚያስችሉ መንገዶች አንዱ ነው። መብት በሕግ መጻፉ ብቻውን በቂ አይደለም። መብቱን በተግባር ለማዋል የሚያስፈልገው ቁሳዊ ኃይል በማን እጅ እንዳለ አብሮ መጠየቅ ይኖርበታል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው በአሜሪካ ለመጀመሪያ ዲግሪ ለሚማሩ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ተማሪዎች መንግሥት የሚሰጠውን፣ ፔል ግራንት የተባለውን የማይመለስ የትምህርት ዕርዳታ ነው። ጉዳዩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። በዋሽንግተን አካባቢም ሆነ በሲያትል ታክሲ እየነዱ፣ በመኪና ማቆሚያ እየሠሩ ልጆቻቸውን ኮሌጅ ያስገቡ ወገኖቻችን ስሙን በሚገባ ያውቁታል። ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ወይም ጥገኝነት የተፈቀደለት ተማሪ እንደ ዜጋው ሁሉ ሊያመለክት ይችላል፤ ጊዜያዊ ከለላ ብቻ ያለው ግን፣ የቱንም ያህል ቢቸገር፣ ከበር ይመለሳል።

ዕርዳታው ከሰማይ የወረደ ችሮታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1944 የወጣው የተመላሽ ወታደሮች ሕግ ከ2 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑ የጦር ተመላሾች በመንግሥት ወጪ ኮሌጅ እንዲገቡ በማስቻሉ፣ ከፍተኛ ትምህርት የባለጸጎች ልጆች ርስት ነው የሚለውን አስተሳሰብ አናግቶት ነበር። የደቡብ ስቴቶች የዘር አድልዎ ግን ጥቁር ወታደሮችን ከዚህ ዕድል በአብዛኛው አግልሏቸዋል። የሲቪል መብት ትግሉ በተፋፋመበት ዘመን ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን የከፍተኛ ትምህርትን ሕግ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 8 ቀን 1965 ፈረሙ፤ የፈረሙትም ራሳቸው በተማሩበት፣ በቴክሳስ ሳን ማርከስ በሚገኘው ኮሌጅ ነበር። ይህ ሕግ ለችግረኛ ተማሪዎች የሚውለውን ገንዘብ ለኮሌጆች ሰጥቶ፣ ማን እንዲጠቀም የመምረጡን ሥልጣንም ለእነርሱው ትቶ ነበር።

እውነተኛው የሐሳብ ፍልሚያ የተካሄደው ሕጉ እ.ኤ.አ. በ1972 ሲሻሻል ነው። የኮሌጆች ማኅበራትና በታችኛው ምክር ቤት ጉዳዩን ይመሩ የነበሩት ኢዲት ግሪን የመንግሥት ገንዘብ በቀጥታ ለተቋማቱ እንዲሰጥ ይሟገቱ ነበር። የሮድ አይላንዱ ሴናተር ክሌይቦርን ፔል ግን ገንዘቡ በቤተሰብ ገቢ ላይ በተመሠረተ ቀመር ተሰልቶ ተማሪውን ተከትሎ ይሂድ የሚል አቋም ያዙ። ፔል ከነባር ባለጸጋ ቤተሰብ የተወለዱና በፕሪንስተን የተማሩ ሰው መሆናቸውን በዚህ አጋጣሚ ብንጠቅስ አግባብ ነው፤ የመደብ ትውልድ ብቻውን የአንድን ግለሰብ አቋም እንደማይወስን ያሳያልና። የፔል ሐሳብ አሸነፈ፤ ፕሬዚዳንት ኒክሰንም ሕጉን ፈረሙ። ድጎማው በሴናተሩ ስም መጠራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው።

ድሉ ተራማጅ ገጽታ እንደነበረው አንክድም። የድሀው ልጅ የኮሌጁን አስተዳዳሪ በጎ ፈቃድ ደጅ ከመጥናት ነፃ ወጥቷል። ነገር ግን ገንዘቡን ለገዢው ሰጥቶ ዋጋውን ለሻጩ መተው ምን ውጤት እንደሚያስከትል በጊዜው በቂ ጥያቄ አልተነሣም። መንግሥት የድጎማውን መጠን ሲወስን፣ የትምህርቱን ክፍያ የሚወስኑት ኮሌጆቹና የስቴት መንግሥታት ሆኑ። ከዚህም በላይ ድጎማው በየዓመቱ ከኮንግረስ በሚፈቀድ በጀት ላይ እንዲንጠለጠል ተደረገ። ሕጉ እስከ 1,400 ዶላር ቢፈቅድም በመጀመሪያው የትምህርት ዓመት ለአንድ ተማሪ የተሰጠው ከፍተኛ መጠን 452 ዶላር ብቻ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ከፍተኛው ድጎማ በአራት ዓመት የመንግሥት ኮሌጅ የአንድ ተማሪን ወጪ፣ ማደሪያና ምግብ ጨምሮ፣ ከሦስት አራተኛ በላይ ይሸፍን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 የትምህርት ዓመት 7,395 ዶላር የደረሰውና በተከታዮቹ ሁለት ዓመታትም ከዚያው ሳይነቃነቅ የቆየው ከፍተኛ ድጎማ ግን የሚሸፍነው ከሲሶ ያነሰውን ነው። በኮሙኒቲ ኮሌጆች የትምህርት ክፍያውን በአብዛኛው እንደሚሸፍን እውነት ነው፤ የቤት ኪራዩንና ቀለቡን ግን አይችልም። በዚህ መካከል ስቴቶች በተለይም ከ2008ቱ የኢኮኖሚ ቀውስ በኋላ ለኮሌጆቻቸው የሚመድቡትን በጀት ሲቀንሱ ሸክሙ ወደ ተማሪው ተሸጋገረ።

ክፍተቱን የሞላው ብድር ነው። ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ1978 የብድሩን በር ለመካከለኛ ገቢ ቤተሰቦችም በሰፊው ከፈተ። ዛሬ የፌዴራሉ መንግሥት የተማሪ ብድር ከ1.6 ትሪሊዮን ዶላር በላይ ሆኗል። ፕሬዚዳንት ባይደን እ.ኤ.አ. በ2022 የተማሪዎችን ዕዳ እስከ 10,000 ዶላር፣ የፔል ድጎማ ለተቀበሉት ግን እስከ 20,000 ዶላር ለመሰረዝ ማቀዳቸው ራሱ አንድ እውነት ያጋልጣል፤ ከዕዳ ሊያድን የተቋቋመው ድጎማ የደረሳቸው ተማሪዎች ዋነኞቹ ባለዕዳዎች መሆናቸውን መንግሥት በአንደበቱ መሰከረ። ዕቅዱን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሰኔ 2023 ሽሮታል።

ገንዘቡ ተማሪውን ሲከተል የትርፍ አሳዳጁም ተማሪውን ይከተላል። በማስታወቂያ ጋጋታ ሥራ ፈላጊዎችን፣ ልጅ ያላቸውን እናቶችና የጦር ተመላሾችን የሚያጠምዱ ለትርፍ የቆሙ ኮሌጆች ከገቢያቸው እስከ 90 በመቶ የሚደርሰውን ከመንግሥት የተማሪ ዕርዳታና ብድር እንዲያገኙ ሕጉ ይፈቅድላቸው ነበር። ከእነዚህ አንዱ፣ ኮሪንቲያን ኮሌጆች የተባለው ኩባንያ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ሲወድቅ ተማሪዎቹ በሜዳ ላይ ቀሩ። መንግሥት የ560,000 ተበዳሪዎችን 5.8 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ ለመሰረዝ የወሰነው ከሰባት ዓመት በኋላ ነበር። በክፍል ውስጥ ያለፈውን ወጣትነት ግን የሚሰርዝም የሚመልስም ውሳኔ የለም።

በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የወጪ መጋራት ከዚህ በመንገዱ ይለያል፤ ተመራቂው ድርሻውን የሚከፍለው ሥራ ከያዘ በኋላ ከገቢው ነው። የሁለቱን ንጽጽር ለሌላ ጊዜ እናቆየዋለን።

እዚያው አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1994 ከእስረኞች የተነጠቀው የፔል ድጎማ በ2023 እንዲመለስ መደረጉ ለሕግ ታራሚዎች ትልቅ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2025 የወጣው ሕግ ደግሞ ድጎማው ከስምንት እስከ አሥራ አምስት ሳምንት ለሚደርስ አጭር የሙያ ሥልጠና ጭምር እንዲውል፣ ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮም በሥራ ላይ እንዲሆን ወሰነ። ለሠርቶ አደሩ ሙያ መስጠት የሚደገፍ ነው። ነገር ግን አሠሪው ቀድሞ በራሱ ወጪ ያሠለጥነው የነበረውን ሠራተኛ አሁን የሕዝብ ገንዘብ ሲያሠለጥንለት፣ ከሥልጠናው በኋላ ደመወዙ ምን ያህል ከፍ እንደሚል የሚጠይቅ አካል መኖር አለበት። ሕጉ የሥልጠናው ክፍያ ተመራቂዎቹ ከሚያገኙት የገቢ ጭማሪ እንዳይበልጥ ያዛል። ለአራት ዓመት ኮሌጆች ግን እንዲህ ያለ የዋጋ ልጓም ከ1972 ጀምሮ አልተበጀላቸውም።