በበዓል ቀን ግቢ የሚቀሩ ጓደኞቻችን

ገና ታኅሣሥ 29 ቀን (በዘመነ ዮሐንስ 28) ስለሚውል ትምህርት ሳይዘጋ ይደርሳል። አገሩ ሩቅ የሆነው፣ የመሳፈሪያ ያጣው፣ በዚያው ዓመት እናቱ ያረፈችበት ጓደኛችን ግቢ ይቀራል። በዒድም እንዲሁ ነው።

ከከተማ የምንመላለሰው ተማሪዎች «እንኳን አደረሰህ፣ አይዞህ» ብለን እናልፋለን። ቃሉ ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን ሥራውን ሁሉ ለከፋው ሰው ይተውለታል። «ከፈለግህ ና» የተባለ አይመጣም፤ ሸክም እሆናለሁ ብሎ ያስባልና። «በዋዜማው በ10 ሰዓት መጥቼ እወስድሃለሁ፤ ዶሮውን የምታርድልን አንተ ነህ» ሲባል ግን መነሣት ይቀልለዋል። ከመጣ በኋላ «ምነው አትጫወትም?» እያልን አንነዝንዘው። ዝም ብሎ ቢበላም በልቷል።

ብቸኝነትና የድብርት ሕመም ግን አንድ አይደሉም። ብቸኝነት ከሚወዱት ሰው ጋር ሲውሉ ይቀልላል፤ ሕመሙ ድግስ አይፈታውም። ሐዘኑ፣ የእንቅልፍና የምግብ መታወኩ፣ ነገር ሁሉ መሰልቸቱ በየቀኑ እየታየ ሁለት ሳምንት ከሞላው ስንፍና ነው ብለን አንፍረድ፤ ወደ ሐኪም አብረነው እንሂድ። «ምነው በሞትሁ» የሚል ቃል ቢያመልጠው «ራስህን ለመግደል አስበሃል ወይ?» ብለን በግልጽ እንጠይቀው። ብዙዎቻችን ይህን እንፈራለን፤ መጠየቁ ግን ያልነበረ ሐሳብ አያመጣበትም። «አዎን» ካለ ብቻውን አይተውም፤ ያኔውኑ ወደ ሆስፒታል ነው። አዲስ አበባ ላለን አማኑኤል ሆስፒታል ለአእምሮ ሕክምና የቆመ ነው።

በማግሥቱም የክፍሉን በር ማንኳኳት አይረሳ። እንግዳው ተበትኖ እሱ ወደ ባዶ ክፍሉ የተመለሰበት ቀን ነው።