የዳይ ጫካ ጠባቂዎች

በክረምት ወራት የጅቡቲ ከተማ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ፣ የቻለ ሰው ወደ ጎዳ ተራሮች ይወጣል። እዚያ 1,500 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ የዳይ ጫካ አለ። ጉም ይወርድበታል፣ እንደኛ ደጋ ጽድ ይበቅልበታል፣ ሌሊት ብርድ ልብስ ያስፈልጋል። መንገዱ ድንጋያማ ስለሆነ ላንድክሩዘር ይፈልጋል።

ሰሜን ተራራን ያየ ኢትዮጵያዊ አንድ ደንብ ለምዷል፤ ደባርቅ ላይ ይከፍላል፣ መሣሪያ የያዘ ስካውት ይመደብለታል፣ ሳንቃበር ወይም ጨነቅ ሲደርስ በተፈቀደው ቦታ ድንኳኑን ይተክላል። ዳይም በሕግ የተጠበቀ ነው። ጅቡቲ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው የጥብቅ ቦታዎች ሕግ ከማብላ ተራሮች፣ ከአሳልና ከአቤ ሐይቆች፣ ከሙሻና ከማስካሊ ደሴቶች ጋር አብሮ ተካቷል። አደን በመላ አገሪቱ ክልክል ነው፤ ከደሴቶቹ ዳርቻ ዛጎልና ኮራል ማንሳትም እንዲሁ። ተራራው ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ወደ ድንኳንዎ የሚመጣው ፍየል የሚጠብቅ አፋር ነው። ይህን ሰው ከማንም ዘበኛ በላይ ማክበር ይገባል ባይ ነኝ፤ ግጦሹም ውኃውም የአባቶቹ ነው።

ከእሱ ጋር የሚገናኙበት ደንብ ዳጉ ይባላል። ሰውየው ሲቀርብ የድንኳን ካስማ እየመቱ «ሰላም ነው» ማለት ነውር ነው። መዶሻውን ያስቀምጡ፣ ሰላምታ ይስጡ፣ ቁጭ ብለው ሻይ ይቅዱለት። ከየት እንደመጡ፣ በመንገድ ማንን እንዳገኙ፣ ዝናብ መኖር አለመኖሩን፣ ሰላም መሆኑን ይጠይቃል። የነገሩትን ለሚቀጥለው ሰው ስለሚያደርሰው ያዩትን ብቻ ይንገሩት፤ በዳጉ መዋሸት በአፋር ዘንድ ትልቅ ነውር ነው። ተራው የእርስዎ ሲሆን የት ማደር እንደሚቻልና ከብት የሚጠጣበት ውኃ የት እንደሆነ ይጠይቁት። ከዚያ በኋላ «እዚህ አይሆንም» ካለ አይከራከሩ፤ ዕቃዎን አንስተው ወዳሳየዎት ቦታ ይሂዱ።

ፍየል ጠባቂው ከሁሉም በላይ የሚጠብቀው ነገር እንጨት ነው። በድርቅ፣ በግጦሽ ብዛትና በማገዶ ለቀማ የተነሳ ብዙው ጽድ ደርቆ ግራጫ ግንዱ ብቻ ቆሟል። ከጫካው ጋር አብሮ እየጠፋ ያለው የጅቡቲ ቆቅ ነው። ሳይንስ እ.ኤ.አ. በ1952 የመዘገበው ይህ ወፍ ከዳይና ከማብላ ተራሮች ሌላ መኖሪያ የለውም፤ ዛሬ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት የዓለም አእዋፍ አንዱ ነው። ከዓይን ይልቅ ለጆሮ ይቀርባል፤ ጎሕ ሲቀድ ከቁጥቋጦው ውስጥ ጩኸቱ ይሰማል። ደረቅ ነው ብሎ አንድ ቅርንጫፍ ለእሳት መስበር ትንሽ ይመስላል፤ ግን በየሳምንቱ የሚመጣው መንገደኛ ሁሉ አንድ አንድ ቢሰብር ምን ይተርፋል?

ስለዚህ ከጅቡቲ ከተማ የምትነሱ ወገኖቼ፣ መታወቂያችሁን፣ በቂ ውኃና የጋዝ ምድጃ ይዛችሁ ውጡ። ቆሻሻችሁን ይዛችሁ ውረዱ። ፍየል ጠባቂው «ተው» ሲላችሁ ተዉ።