የአባት የወርቅ ሰዓት በስንት ይሄዳል?

ሚዛን አንድ ዋጋ ይላል፣ ሰዓት ሠሪ ሌላ ይላል፣ ወሬ ደግሞ ሚሊዮን ይላል

ሦስቱ እህትና ወንድማማቾች ከአባታቸው ሞት በኋላ ቤቱንና በባንክ የነበረውን ገንዘብ ያለ ጭቅጭቅ ተካፈሉ። ያልተስማሙት መዳፍ በማትሞላ ዕቃ ላይ ነው። ይህች ዕቃ አባትየው ያገለገሉበት መሥሪያ ቤት በ1964 ዓ.ም. የሸለማቸው የወርቅ ኦሜጋ ሰዓት ነች። ታላቅ ወንድም «ትሸጥና ገንዘቡ ይከፈል» ይላሉ። ዋሽንግተን የሚኖሩት ታናሽ ወንድም በስልክ «እንዳትነኳት፣ እዚህ ጨረታ ላይ ሚሊዮን ታወጣለች» ይላሉ። መካከለኛዋ እህት ግን ሰዓቷን ለራሳቸው አስቀርተው የወንድሞቻቸውን ድርሻ ለመክፈል ፈቃደኛ ናቸው።

ሕጉ ግልጽ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ልጆች ውርስን እኩል ይካፈላሉ ይላል። ነገር ግን አንድ ሰዓት ለሦስት አይቆረጥም። ስለዚህ ጥያቄው የሕግ ሳይሆን የገበያ ሆነ፦ የስንት ሲሦ?

ወይዘሮዋ በጥቅምት 2018 ዓ.ም. ሰዓቷን በመሐረብ ጠቅልለው ወደ ወርቅ ቤት አመሩ። የመጀመሪያው ነጋዴ ገልበጥ አድርጎ አየና «እናቴ፣ ይሄ 14 ካራት ነው። ያውም አሮጌ ነው» ብሎ ዋጋ ጠራ። ሁለተኛው ጀርባውን ከፍቶ ማሽኑን አወጣና ቀፎውን ብቻ በሚዛን ላይ አስቀመጠ፤ 12 ግራም ሆነ። ከጀርባው ክዳን ውስጥ የተመታችውን ትንሽ ምልክት በአጉሊ መነጽር አይቶም «18 ነው» አለ።

የሁለቱ ቃል ልዩነት ቀላል አይደለም። 18 ካራት ማለት ከ1,000 እጅ 750ው ንጹሕ ወርቅ ነው፤ 14 ካራት ደግሞ 585 ነው። ስለዚህ 12 ግራሙ በ18 ካራት ሲሰላ 9 ግራም ንጹሕ ወርቅ ይወጣዋል፤ በ14 ካራት ከሆነ 7 ግራም ብቻ ነው። በመስከረም 2018 ዓ.ም. መጨረሻ አንድ አውንስ ወርቅ በዓለም ገበያ 4,000 ዶላር አልፏል። አንድ አውንስ 31.1 ግራም ስለሆነ ግራሙ ወደ 129 ዶላር ይመጣል። በዚህ ሒሳብ 9 ግራሙ ወደ 1,160 ዶላር፣ 7 ግራሙ ግን ወደ 900 ዶላር ነው። አንድ ቃል 250 ዶላር ያህል ያወጣል ወይም ያጎድላል ማለት ነው። የውጭ ምንዛሪ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ በብር ሲመነዘር ልዩነቱ ይበልጥ ይታያል።

ምልክቷን ማንበብ የሚከብድ አይደለም። ስዊዘርላንድ እስከ 1995 እ.ኤ.አ. ድረስ በ18 ካራት የሰዓት ቀፎ ላይ ሄልቬሽያ የምትባለውን ሴት ራስ፣ በ14 ካራት ላይ ደግሞ የሽኮኮ ምስል ታስመታ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁሉም የሴንት በርናርድ ውሻ ራስ ይመታበታል። የወይዘሮዋ ሰዓት ላይ ያለችው ሴትዮዋ ነች። «20 ማይክሮን» የሚል ጽሑፍ ያለበት ሰዓት ግን ወርቅ ሳይሆን ወርቅ ቅብ ነው፤ የቅቡም ውፍረት የሚሊሜትር 20 ሺሕኛ ነው። ሚዛን ላይ መውጣት አያስፈልገውም።

ወርቅ ቤት የሚገዛው ወርቅ ነው፤ ሰዓት አይገዛም። ያቀልጠዋል፣ ለማቅለጫና ለትርፉም ይቀንሳል። ስለዚህ የሚሰጠው ዋጋ የመጨረሻው ወለል ነው። ከወለሉ በላይ ምን አለ የሚለውን የሚመልሰው ሰዓት ሠሪ ነው።

ወይዘሮዋ ያገኟቸው ሽማግሌ ሰዓት ሠሪ ማሽኑን አይተው «ልጄ፣ ማሽኗ የራሷ ናት። ፊቷም አልተቀባም። ማነው እንዳትወለወል የጠበቃት?» አሏቸው። «እኛ ደፍረን አንነካትም ነበር፣ አባባ» ብለው መለሱ። ሰብሳቢዎች የሚከፍሉት ለዚህ ነው። ፊቱ ታድሶ በአዲስ ቀለም የተቀባ፣ ቀፎው ተሞርዶ ጠርዙ የጠፋ፣ ማዞሪያው በሌላ የተተካ ሰዓት ዋጋው ይወርዳል። በጀርባው የተቀረጸ የግለሰብ ስምም ብዙ ጊዜ ዋጋ ይቀንሳል። በዚህች ሰዓት ጀርባ የአባትየው ስም አለ። ለቤተሰቡ ውድ የሚያደርጋት ጽሑፍ ለማያውቃቸው ገዢ ጭረት ነው።

ስሙ የታወቀ ሰው ከሆነ ግን ሒሳቡ ይገለበጣል። የታናሽ ወንድም «ሚሊዮን» መነሻ ይህ ነው። የአፄ ኃይለ ሥላሴ የነበረ የፓቴክ ፊሊፕ የወርቅ ሰዓት በ2017 እ.ኤ.አ. በክሪስቲስ የጄኔቭ ጨረታ ወደ 2.9 ሚሊዮን ዶላር ተሽጧል። ነገር ግን ያ ሰዓት ዓመት፣ ወርና ቀን የሚቆጥር፣ በጥቂቱ የተሠራና የንጉሠ ነገሥት ንብረት የነበረ ነው። ገበያው የከፈለው ለወርቁ አልነበረም። በተጨማሪ በጨረታ የሚነገረው ዋጋ ሻጩ እጅ የሚገባው አይደለም፤ ገዢው ከ20 በመቶ በላይ ለጨረታ ቤቱ ይጨምራል፣ ከሻጩም ኮሚሽን ሊቆረጥ ይችላል። በብዛት የተሠራ ተራ የወርቅ ሰዓት፣ ደህና የተያዘ ቢሆንም፣ ብዙ ጊዜ ከወርቁ ዋጋ ሩቅ አይሄድም።

የንጉሠ ነገሥቱ ምስል ወይም ዘውድ ያለበት የሽልማት ሰዓት በእጁ ያለ ሰው ግን ወደ ወርቅ ቤት መቸኮል የለበትም። የሽልማት ደብዳቤና በዕለቱ የተነሳ ፎቶግራፍ ካለ ከሰዓቱ ጋር ይቀመጥ። እንደ ፓቴክ ፊሊፕና ሎንዢን ያሉ ሠሪዎች ቁጥሩን አይተው ሰዓቱ መቼ እንደተሠራ ወይም እንደተሸጠ ከመዝገባቸው ይገልጻሉ። ከአገር ለማውጣት ያሰበም በቅድሚያ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992ን ይመልከት፤ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም።

ሦስቱ ወራሾች በመጨረሻ ወለሉንና የሰዓት ሠሪውን ግምት አስታርቀው ሰዓቷን በ1,200 ዶላር ተመን ያዙ። እህትየው ለሁለቱ ወንድሞች የ400 የ400 ዶላሩን ድርሻ በዕለቱ ምንዛሪ በብር ከፈሉ። የዋሽንግተኑ ወንድም ጥቂት አጉረመረሙ። ሆኖም የሚዛኑንና የምልክቷን ፎቶ ተልኮላቸው ካዩ በኋላ ስለ ሚሊዮን አላነሱም።

በመጀመሪያው ወርቅ ቤት ቢስማሙ ኖሮ ለአንዳቸውም ሳይታወቅ 250 ዶላር ያህል ባለሱቁ ኪስ ይቀር ነበር። ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ!