ትኩሳት ሁሉ በቴትራሳይክሊን አይድንም

በጋምቤላ ከተማ በባሮ ወንዝ ዳር የወባ ትንኝ በሚበዛበት ወራት ልጅ ሲያተኩሰው፥ ከቤት የተረፈውን ቴትራሳይክሊን ፈልጎ የሚያስውጥ ወላጅ አይታጣም። አሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን ትኩሳቱ የወባ እንደ ሆነ፥ ደም ሳይመረመር ያለፈው ቀን ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

ይህ መድኃኒት ብዙ ዓይነት ባክቴሪያዎች እንዳይራቡ ይገታል፤ ለጉንፋን ግን አይረባም፤ የወባንም ሕክምና አይተካም። ከ8 ዓመት በታች ላለ ሕፃንና ለነፍሰ ጡር ሊሰጥ አይገባም፤ በማደግ ላይ ያለውን ጥርስ ለዘለቄታው ያበልዛልና።

በክልላችን ከብት አርቢዎች ዘንድ ወተት የዘወትር ምግብ ነው። በወተት ውስጥ ያለው ካልሲየም መድኃኒቱን ይዞ ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያግደው፥ የታዘዘለት ሰው በባዶ ሆድ፥ በብዙ ውሃ ይዋጠው። ሙቀትና ርጥበትም ያበላሹታል፤ የተበላሸውም ኩላሊትን ሊጎዳ ስለሚችል፥ ለሌላ ቀን ተብሎ አይቀመጥ።

ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1945 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ሲቀበል፥ ከመጠን ያነሰ መድኃኒት ተሕዋስያንን እንደሚያለማምድ አስጠንቅቆ ነበር። ስለዚህ መምህራን ለተማሪዎቻቸው ይህን እንዲያስረዱልን አደራ እንላለን፦ አስቀድሞ ምርመራ፥ ቀጥሎ መድኃኒት፤ የታዘዘውም እስከ መጨረሻው ቀን።