ጎጆው ባለቤቶቹን ይጠብቃል

መጋቢት ሲጋመስ፣ በስኮትላንድ ደጋማ ምድር በረዶው ገና ከተራራው አናት ሳይለቅ፣ ሰዎች መነጽራቸውን ይዘው አንድ የጥድ ዛፍ ላይ ያፈጥጣሉ። በዛፉ ጫፍ የእንጨት ክምር አለ። ክምሩ ጎጆ ነው፤ ባለቤቶቹ ግን ገና አልደረሱም። ለመሆኑ ዘንድሮስ ይመጡ ይሆን?

የሚጠበቁት እንግሊዞች «ኦስፕሬይ» የሚሏቸው፣ ከሞላ ጎደል ዓሣ ብቻ አድነው የሚኖሩ ወፎች ናቸው። ሆዳቸው ነጭ፣ ጀርባቸው ቡናማ ሲሆን በዓይናቸው ላይ ጥቁር መስመር ያልፋል። ፈጣሪያቸው ለሥራቸው የሚሆን መሣሪያ አሟልቶ ሰጥቷቸዋል። የውጭኛዋ ጣታቸው ወደ ኋላ ስለምትዞር ዓሣውን በሁለት ጣት ከፊት፣ በሁለት ከኋላ ይቆልፉታል፤ መዳፋቸውም እንደ ሞረድ ሻካራ ነው።

ተባዕቱና እንስቷ የብርዱን ወራት አብረው አያሳልፉም። በየፊናቸው ወደ አፍሪካ ይወርዳሉ፤ የስኮትላንዶቹ በብዛት ሴኔጋልና ጋምቢያ ይከርማሉ። ከዚያም በጥቂት ቀናት ልዩነት ወደዚያችው ጎጆ ይመለሳሉ። ብዙዎች ይህን ታማኝ ትዳር ይሉታል። እኛ ግን ማጋነን እንፈራለን፤ ወፎቹን በይበልጥ የሚያስተሳስራቸው ጎጆው ነው፣ አንዱ ከቀረ ሌላው አዲስ ተጓዳኝ ይቀበላልና። ቢሆንም አምስት ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ለየብቻ በርሮ አንዲት ዛፍ ላይ መገናኘት፣ ሱብሃነላህ፣ ቀላል ነገር አይደለም።

ከመቶ ዓመት በፊት ግን በብሪታንያ እነዚህ ወፎች በጥይትና በእንቁላል ሰብሳቢዎች እጅ አልቀው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1954 ጥንድ ወፎች ሎክ ጋርተን በተባለው ሐይቅ አጠገብ መራባት ጀመሩ። ወዳጆቻቸው ቦታውን በምስጢር ይዘው ቀን ከሌት ጠበቁ። ምስጢሩ ግን አላዳናቸውም። በ1958 አንድ ሌባ በጨለማ ዛፉ ላይ ወጥቶ እንቁላሎቹን ወሰደ፤ በምትካቸው የጫማ ቀለም የተቀባ የዶሮ እንቁላል ተገኘ! ጫጩቶቿን የተቀማች ወፍ ስትንሰፈሰፍ አይተው እንዲመለሱላት ያዘዙት ነቢይ (ሰ.ዐ.ወ) ተከታይ የሆነ ሰው ይህን ሲሰማ ልቡ እንዴት አይነካ?

በቀጣዩ ዓመት ጆርጅ ዋተርስተን የተባለው የወፎች ጥበቃ ሰው ነገሩን ገለበጠው። ጎጆውን ከመደበቅ ይልቅ ሕዝቡን «ኑና እዩ» ብሎ ጠራ። በ1959 ወደ 14,000 ሰው መጣ፤ ሦስት ጫጩቶችም በረሩ። በሺህ የሚቆጠር ዓይን ባለበት ሌባ ምን ያደርጋል? ዛሬ በብሪታንያ ከ200 የሚበልጡ ጥንዶች ይራባሉ።

ከሁሉ የምትታወሰው ሎክ ኦቭ ዘ ሎውስ በተባለው ሐይቅ ከ1991 እስከ 2014 የተመላለሰችው እንስት ናት። 71 እንቁላል ጥላ 50 ጫጩት ለበረራ አድርሳለች። በ2010 ታማ፣ አበቃላት ሲባል፣ አገግማ ተነሣች። በ2015 ሰዎቹ እንደ ልማዳቸው ጠበቁ። አልመጣችም።

ከፊንላንድ የሚነሱት ደግሞ ወደ ምሥራቅ አፍሪካም ስለሚወርዱ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ይታያሉ። በአንድ የኅዳር ጠዋት ተማሪዎቻችንን ይዘን ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ሳለን አንዷ ደረቅ ግንድ ላይ ሆና ዓሣዋን ስትቦጭቅ አየናት። አንድ ልጅ «ኡስታዝ፣ ጎጆዋ የት ነው?» አለን። ሩቅ ሰሜን እንደሆነ፣ በዚያም የሚጠብቋት ሰዎች ሳይኖሩ እንደማይቀሩ ነገርነው። ልጆቹ ከዚያ ወዲህ ከትምህርት ሲወጡ እየሄዱ ያዩዋት ነበር። በመጋቢት መጨረሻ ግንዱ ባዶ ሆኖ አገኙት፤ በማግስቱ ገና ክፍል ሳንገባ በር ላይ ከብበውን «ደርሳ ይሆን?» አሉን።