የውጭ በርና መስኮት እንጨት በምን ይቀባ?

በየአጥቢያው ሕንፃ ተሠርቶ ሲያልቅ የመጨረሻው ወጪ ለቀለም የሚወጣው ነው። በዚያን ጊዜ ገንዘቡ ስለሚሳሳና የንግሡ ቀን ስለሚቃረብ ምርጫው በችኮላ ይደረጋል። ለበርና ለመስኮት መቃን፣ ለጉበን፣ ከቆርቆሮው ጠርዝ ሥር ለሚዞረው ሳንቃ አብዛኛውን ጊዜ የሚገዛው የሚያብለጨልጭ ቫርኒሽ ነው። በበዓሉ ዕለት እጅግ ያምራል። ሁለት ክረምት ካለፈ በኋላ ግን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሲላጥ፣ ከሥሩ ያለውም እንጨት አመድ መስሎ ሲታይ በብዙ ቦታ ተመልክተናል። ሰበካ ጉባኤው ለዚያው ሥራ ዳግመኛ ምእመናንን ገንዘብ ይጠይቃል።

ጥፋቱን ሁልጊዜ በቀቢው ወይም በቀለሙ ጥራት ማሳበብ አይገባም። ቫርኒሽ ብርሃን አስተላላፊ ነው፤ የፀሐይ ጨረር በውስጡ አልፎ የእንጨቱን ጭረቶች አጣብቆ የያዘውን ሊግኒን የተባለ ንጥረ ነገር ያፈርሰዋል። ቫርኒሹ የተጣበቀበት የላይኛው የእንጨት ገጽ ራሱ ሲፈርስ መያዣ ያጣና ይላቀቃል። በደጋው ይህ ይብሳል። ከባሕር ጠለል በላይ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ የአልትራ ቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ አዲስ አበባ፣ ጎንደርና ላሊበላ ደግሞ ሁሉም ከ2,000 ሜትር በላይ ናቸው። የቀደሙት ክብ አብያተ ክርስቲያናት የሣር ክዳናቸው ከግድግዳው ርቆ ይወርድ ስለነበር በሮቻቸው ከዝናብም ከፀሐይም ተጠልለው ኖረዋል። ክዳኑ በቆርቆሮ ሲተካ ክፈፉ ብዙ ጊዜ ያጥራል፤ ጥላው የሚሠራውን ሥራም ቀለሙ እንዲሠራ እንጠብቃለን። አዲስ ሕንፃ የሚያስጀምር ኮሚቴ ክፈፉን አንድ ክንድ ቢያስረዝም ከማንኛውም ቀለም የበለጠ ይጠቀማል።

ጨረሩን የሚያግደው በቀለሙ ውስጥ ያለው ደቃቅ ዱቄት ነው። ስለዚህ ለውጭ እንጨት የሚመረጡት ሁለት ናቸው። አንደኛው እንጨቱን ፈጽሞ የሚሸፍን ቀለም ሲሆን፣ ይህም መጀመሪያ ፕራይመር፣ ከዚያም ሁለት ጊዜ ለውጭ የተዘጋጀ ቀለም መቀባት ነው። በደረቅ እንጨት ላይ በአግባቡ ከተሠራ ከ7 እስከ 10 ዓመት ሊያገለግል ይችላል። ለቤት ውስጥ ግድግዳ የተሠራውን ፕላስቲክ ቀለም በእርሱ ፋንታ መጠቀም ገንዘብ ማባከን ነው። ሁለተኛው ወደ እንጨቱ ዘልቆ የሚገባ፣ ቀለም የተቀላቀለበት ዘይት ነው። ይህ ቶሎ ይደበዝዛል፤ በየሁለትና በየሦስት ዓመቱም መታደስ ይፈልጋል። ነገር ግን አይላጥም። ለማደስ አጥቦ፣ አድርቆ አንድ ጊዜ መደረብ ይበቃል፤ የሸፈነ ቀለም ሲላጥ ግን መፋቅ፣ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግና ከፕራይመር መጀመር ግድ ነው።

እንግዲህ ኮሚቴው ቀለም ከመግዛቱ በፊት ሊጠይቅ የሚገባው ከሦስት ዓመት በኋላ መሰላል የሚወጣው ማን እንደሆነ ነው። ከፍ ብሎ ለተሠራው የክፈፍ ሳንቃ ሸፋኝ ቀለም እንመርጣለን፤ ማንም በየጊዜው አይደርስበትምና። እጅ ለሚደርስበት የጥድ ወይም የወይራ በር፣ መልኩም እንዲታይ ከተፈለገ፣ ዘይቱ ይሻላል። በበጋ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ከሦስቱ የቤተ ክርስቲያን በሮች የምዕራቡና የደቡቡ ይበልጥ ይጎዳሉ፤ የሰሜኑ ገና ደኅና ሳለ እነርሱን ብቻ ማደስ ነውር የለውም።

የሚሳለሙት መቃን የተለየ ጥንቃቄ ይሻል። ሕፃናትም አረጋውያንም ከንፈራቸውን የሚያሳርፉበት ስለሆነ ቀለሙ እርሳስ የሌለበት መሆኑን በጣሳው ላይ ማረጋገጥ፣ ፈጽሞ ሳይደርቅም ሕዝቡን አለማስጠጋት ይገባል። አሮጌ ቀለም ሲፋቅ እርሳስ ሊኖርበት ይችላልና አቧራው እንዳይነሣ በውሃ እያራሱ መፈግፈግ፣ የቆሎ ተማሪዎችንም ማራቅ ያስፈልጋል። ምስጥ ለመከላከል ተብሎ የተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚቀባበት ቦታ አለ። መርዛማ ነው፤ እየተጣበቀ ይቆያል፤ በኋላም ሌላ ቀለም አያስይዝም። ጥንታዊ በር ወይም ሥዕል ያለበት መስኮት ከሆነ ደግሞ የቅርስ ባለሙያ ሳይመለከተው ምንም አይነካ።

ከምርጫው በኋላ ሥራውን የሚያበላሸው እርጥበት ነው። ገና ያልደረቀ ባሕር ዛፍ ቢቀባ ውስጡ ያለው ውሃ ቀለሙን እያሳበጠ ይገፋዋል። አዲስ የተላገ እንጨት ለሳምንታት ፀሐይ ላይ ቆይቶ ቢቀባም ቀለሙን በደንብ አይዝም። ውሃ ከሁሉ ይልቅ የሚገባው በተቆረጠው ጫፍ ስለሆነ፣ አናጢው ከመግጠሙ በፊት ጫፎቹና ከግድግዳ ጋር የሚገናኘው ጀርባ ፕራይመር ይጠጡ። ከተገጠመ በኋላ ማንም አይደርስባቸውም። ጊዜው ከጥቅምት እስከ ጥር ቢሆን መልካም ነው፤ ጤዛው ረግፎ እንጨቱ ከደረቀ በኋላ ተጀምሮ ብርዱ ሳይመለስ ይቁም።

ከተልባ ዘይት ጋር ለሚሠሩ አንድ ማሳሰቢያ አለን። ዘይቱ የነካው ጨርቅ ተጠቅልሎ ሲቀመጥ በራሱ ይግላል፤ ክብሪት ሳይነካውም ሊነድ ይችላል። ወደ ዕቃ ቤት፣ ይልቁንም አልባሳት ወዳሉበት አይግባ። ከቤት ውጭ ተዘርግቶ ይድረቅ፤ አለዚያም ውሃ በሞላበት ክዳን ባለው ጣሳ ውስጥ ይነከር።

ሥራው ሲያልቅ የቀለሙ ስም፣ ዓይነትና ቁጥር ከተቀባበት ቀን ጋር በአጥቢያው መዝገብ ይጻፍ። በየዓመቱ መስቀል ካለፈ በኋላ አንድ አባል በየበሩ ግርጌ ውሃ ይርጭ፤ ውሃው ተንከባሎ ከወረደ እንጨቱ ገና ተጠብቋል፤ ጠጥቶት ከጠቆረ በዚያው በጋ ይታደስ።