መንገድና ሐዲድ በሚገናኙበት ሥፍራ

ከሞላሌ ተነሥቶ፣ የመንዝን ውርጭ ወደ ኋላው ትቶ፣ በጣርማ በር አድርጎ ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ የሚወርድ መንገደኛ፣ በዚያ ዝቅተኛ ምድር አያቶቹ ያላዩትን የብረት ጎዳና ያገኛል፤ ይኸውም ግንባታው በ2007 ዓ.ም. የተጀመረውና ወደ 390 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ የባቡር ሐዲድ ነው። እኔም በመንገድ ንድፍ ሙያ የምተዳደር የዚያው ደጋ ተወላጅ እንደ መሆኔ፣ መኪናና ባቡር የሚተላለፉበት ሥፍራ እንዴት ሊታቀድ እንደሚገባው ላስረዳ እወዳለሁ።

የነገሩ ሁሉ መሠረት ክብደት ነው፤ ብዙ መቶ ቶን ጭኖ የሚገሠግሥ ባቡር፣ ነጂው በሐዲዱ ላይ እረኛ ሕፃን አይቶ ፍሬኑን በሙሉ ኃይሉ ቢይዝ እንኳ፣ እስኪቆም ድረስ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ሊሄድ ስለሚችል፣ ነፍስን የማዳኑ ዕዳ በመንገዱ ንድፍ ላይ ይወድቃል። ስለዚህም ሐዲዱን በሰያፍ የሚቆርጥ መንገድ ጠምዘዝ ተደርጎ በቀጤ ማዕዘን፣ ማለት በ90 ዲግሪ፣ እንዲያቋርጥ ይደረጋል፤ ሾፌሩ ግራ ቀኙን ያለ ችግር እንዲመለከት ነውና።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን መስቀለኛ መንገድ ለሐዲድ ሲቀርብ ነው፤ ተሳቢ ያለው ከባድ መኪና ወደ አውራ ጎዳናው ለመግባት ተራውን ሲጠብቅ፣ በሐዲዱና በጎዳናው መካከል ያለው ቦታ ከርዝመቱ ካነሰ፣ ጅራቱ በሐዲዱ ላይ ይቀራል። መድኃኒቱ መገናኛውን ከሐዲዱ ማራቅ፣ ይህ ባይቻል የትራፊክ መብራቱን ከባቡሩ ምልክት ጋር አያይዞ፣ ባቡሩ ሳይደርስ ቦታው እንዲለቀቅ ማድረግ ነው። ተላላፊው በሚበዛበት ሥፍራ፣ ወጪው ቢከብድም፣ ድልድይ ይሻላል፤ ተዳፋቱም በጎቿን ወደ ገበያ ለምትነዳ እናት የሚመች ይሁን።